ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር፦ የትኛውን ብርሃን ያስቀራል፣ የትኛውን ያስገባል?

ፖላራይዝድ ተብሎ በሚሸጥ የፀሐይ መነጽር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ደባልቆ ያቀርባል፤ ሌንሱ ጥቁር መሆኑን፣ አልትራቫዮሌት ጨረርን መከላከሉን እና ፖላራይዝድ መሆኑን። ሦስቱም በአንድ ሌንስ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ስላለ ሌላውም አለ ማለት አይደለም። እጅግ ጥቁር ሆኖ ፖላራይዝድ ያልሆነ መነጽር አለ፤ ፖላራይዝድ ሆኖ ጥቁረቱ ቀለል ያለ አለ፤ ምንም ቀለም ሳይኖረው አልትራቫዮሌትን የሚያግድ ሌንስም አለ። በዚህ ግምገማ የምመለከተው ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበትን አንዱን ነገር ማለትም ፖላራይዜሽኑን (ሌንሱ በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ መርጦ ማሳለፉን) ነው፤ ሁለቱን ሌሎች የማነሣቸው ከእርሱ ለመለየት ያህል ብቻ ነው።

የመዘንኩት መነጽር ሌንሱ ግራጫ፣ ፍሬሙ ቀላል ፕላስቲክ ሲሆን በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የ3ኛ ምድብ ምልክት ታትሞበታል። 3ኛ ምድብ ማለት ወደ ሌንሱ ከሚመጣው የሚታይ ብርሃን ከ8 እስከ 18 በመቶ የሚሆነው ብቻ ወደ ዓይን ይደርሳል ማለት ነው። ለማነጻጸሪያ በዚያው ምድብ ያለ ተራ ጥቁር መነጽር ተጠቅሜአለሁ። ይህ ንጽጽር ቢቀር ግምገማው ዋጋ አይኖረውም፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ፖላራይዝድ መነጽርን የሚያወዳድረው ከባዶ ዓይን ጋር ስለሆነ፣ ጥቁረቱ ብቻውን ያመጣውን ምቾት ሁሉ ለፖላራይዜሽኑ ይቆጥርለታል።

መነጽሩ የሚሠራውን ለመረዳት ነጸብራቅ ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኮች ንዝረት ነው፤ ንዝረቱም ብርሃኑ ከሚጓዝበት መስመር ጋር ቀጤ ነክ ሆኖ ነው የሚካሄደው። ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን ለአንዱ አቅጣጫ ሳያደላ በሁሉም አቅጣጫ ይነዝራል። ይህ ብርሃን በውሃ፣ በእርጥብ አስፋልት ወይም በመኪና ኮፈን ላይ አርፎ ሲመለስ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ ከገጹ ጋር ትይዩ የሆነው አግድም ንዝረት በብዛት ሲንጸባረቅ፣ ሌላው በአብዛኛው ወደ ቁሱ ውስጥ ይገባል። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1815 እንዳሳየው፣ ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ቁስ የተንጸባረቀው ብርሃን ሙሉ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚነዝርበት ማዕዘን አለ። ማዕዘኑ ለገጹ ቀጤ ከሆነው መስመር ሲለካ ለውሃ 53 ዲግሪ፣ ለተራ መስታወት ደግሞ 56 ዲግሪ ያህል ነው። በመነጽር ተጠቃሚ ቋንቋ ስንናገረው፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ወደ ረጋ ውሃ የሚመለከት ሰው የሚያየው ነጸብራቅ በሙሉ ማለት ይቻላል አግድም ንዝረት ነው። የመነጽሩ ሌንስም የተሠራው ይህንኑ አግድም ንዝረት ውጦ ቀጥ ያለውን እንዲያሳልፍ ነው።

በውሃ ዳር ሲሞከር ልዩነቱ አያከራክርም። በተራው ጥቁር መነጽር ሲታይ ውሃው ላይ የተነጠፈው ነጭ ብርሃን ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደተሸፈነ ቀረ። በፖላራይዝዱ ሲታይ ግን ነጩ ንጣፍ ተነሥቶ ጠጠሮቹ፣ በድንጋዮቹ ላይ የተጣበቀው አረንጓዴ ሽበትና ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የሚሽሎከለኩት ትናንሽ ዓሦች ወጡ። መነጽሩን ከፊት አውልቆ በእጅ ይዞ በሌንሱ እያዩ ቀስ ብሎ ማዞር ደግሞ የበለጠ ያስተምራል፤ ሌንሱ ሩብ ዙር ሲዞር ነጩ ንጣፍ ተመልሶ ይመጣል፣ ሌላ ሩብ ዙር ሲጨመር እንደገና ይጠፋል። የሌንሱ ጥቁረት በዚህ ሁሉ አልተለወጠም። ተራው መነጽር የፈለገውን ያህል ቢዞር ምንም ለውጥ አያሳይም። ዓሣ አጥማጆችና በጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ይህን መነጽር እንደ ሥራ መሣሪያ እንጂ እንደ ጌጥ የማያዩት ለዚህ ነው፤ እኔም በዚህ ረገድ አንድም ቅሬታ የለኝም።

ሻጮች የማይናገሩት ግን ይህ ውጤት በማዕዘን የተወሰነ መሆኑን ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ አድማሱ ላይ ስትደርስ ብርሃኑ ውሃውን እየላሰ ስለሚያልፍ የሚመለሰው ነጸብራቅ የንዝረት ሚዛኑ ያን ያህል አልተዛባም፤ ስለዚህ ዓይን በጣም በሚሠቃይበት በዚያ ሰዓት ፖላራይዜሽኑ የሚጨምረው ጥቅም ያንሳል፤ የሚረዳው ጥቁረቱ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስገርመው የቆመ መስታወት ነው። ከሕንፃ መስኮት ወይም ከጎን ከቆመ መኪና በር መስታወት የሚመጣ ነጸብራቅም ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው የሚነዝረው፤ ገጹ ራሱ የቆመ ስለሆነ ግን ንዝረቱም ቀጥ ያለ ይሆናል፤ መነጽሩም በደስታ ያሳልፈዋል። በከተማ መንገድ በእግር ስዘዋወር በዚህ ምክንያት በሁለቱ መነጽሮች መካከል የጎላ ልዩነት አላየሁም። ከተወለወለ ብረት የሚመለሰው ብርሃን ደግሞ ብረት እንደ ውሃና እንደ መስታወት ስለማያንጸባርቅ አይጠፋም፤ የመኪና ክሮም ጌጥ በፖላራይዝዱም ዓይን ይወጋል። በረዶ ላይም ብርሃኑ በቅንጣቶቹ መካከል ደጋግሞ ስለሚበተን የንዝረት አቅጣጫው ይደበላለቃል፤ ውጤቱ በውሃ ላይ ከሚገኘው ያነሰ ነው።

የጭንቅላት አያያዝም ዋጋ አለው። ፈረንሳዊው የምሕንድስና መኮንን ኤቲየን ሉዊ ማሉስ እ.ኤ.አ. በ1808 በፓሪስ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚንጸባረቀውን የጀምበር ብርሃን በካልሳይት ክሪስታል ሲመለከት፣ ክሪስታሉን ሲያዞረው ከሚታዩት ሁለት ምስሎች አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ሲደምቅ አየ። ከዚህ የወጣው ሕግ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ በማጣሪያ የሚያልፈው የብርሃን መጠን በንዝረቱና በማጣሪያው አቅጣጫ መካከል ባለው ማዕዘን ኮሳይን ስኩዌር ልክ ይሆናል። ለተጠቃሚው የዚህ ትርጉም ደግ ነው። ጭንቅላትን 10 ዲግሪ ያህል ቢያዘነብሉ ሊታገድ ከሚገባው አግድም ነጸብራቅ ሾልኮ የሚገባው 3 በመቶ ብቻ ነው፤ 30 ዲግሪ ሲሆን 25 በመቶ፣ 45 ዲግሪ ሲሆን ግማሹ ይገባል። ስለዚህ ተራ የጭንቅላት እንቅስቃሴ መነጽሩን አያበላሸውም፤ በጎን ጋደም ብሎ ውሃ የሚመለከት ሰው ግን ጥቅሙን በሙሉ ያጣል፤ እንዲያውም መነጽሩ ነጸብራቁን አሳልፎ ጠቃሚውን ብርሃን ያስቀርበታል።

ከዚሁ ሕግ አንድ የገዢ መመዘኛ ይወጣል። በሁሉም አቅጣጫ ከሚነዝር ብርሃን ፍጹም የሆነ ማጣሪያ እንኳ ሊያሳልፍ የሚችለው ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ፖላራይዝድ ነው እየተባለ ከ50 በመቶ በላይ ብርሃን ያስገባል የሚባል ሌንስ ካጋጠመ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ለሌሊት መንዳት ተብለው የሚሸጡ ፖላራይዝድ መነጽሮችም በዚህ ሚዛን መታየት አለባቸው፤ በጨለማ መንገድ ላይ ካለው ጥቂት ብርሃን ግማሹን መጣል ለማንም ነጂ አይበጅም።

ሁለት ፖላራይዝድ መነጽሮች ያሉት ሰው አንዱን ሌንስ በሌላው ላይ አስተኝቶ በመስኮት በኩል ቢያይ፣ ትይዩ ሲሆኑ ብርሃን ያልፋል፤ አንዱ 90 ዲግሪ ሲዞር ጨለማ ይሆናል። እዚህ ላይ ከግምገማው ትንሽ ወጣ ማለት ይፈቀድልኝ። በተሻገሩት ሁለት ሌንሶች መካከል ሦስተኛ ሌንስ በ45 ዲግሪ ሲገባ ብርሃን ተመልሶ ያልፋል፤ ማጣሪያዎቹ ፍጹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው ብርሃን አንድ ስምንተኛው ያልፍ ነበር። ማገጃ ተጨምሮ ብርሃን መብዛቱ እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ማጣሪያው የሚያግድ ብቻ ሳይሆን ያሳለፈውን ብርሃን በራሱ አቅጣጫ እንዲነዝር አድርጎ የሚያወጣ መሆኑን ካስታወሱ፣ የማሉስ ሕግ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መሥራቱ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሌንሱ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ራሱ ከመስታወቱ ወይም ከፕላስቲኩ የተለየ ስስ ፊልም ነው። ፖሊቪኒል አልኮሆል የሚባለው ፕላስቲክ ሞቆ በአንድ አቅጣጫ ሲሳብ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ከዚያ አዮዲን ሲነከር አዮዲኑ በሞለኪውሎቹ ርዝመት ላይ ተደርድሮ ኤሌክትሮኖች በዚያ አቅጣጫ ብቻ እንደ ልብ የሚንቀሳቀሱበት መስመር ይፈጥራል። ብዙዎች ይህን በአጥር ፍርግርግ መካከል እንደሚያልፍ ገመድ አድርገው ያስረዱታል፤ ምሳሌው ግን ተቃራኒውን ያስተምራል፤ የሚዋጠው ንዝረት ከሞለኪውሎቹ ጋር ትይዩ የሆነው ነው። በመነጽሩ ላይ ሞለኪውሎቹ የተጋደሙት አግድሙን ንዝረት ለመዋጥ ነው። ከዚህ ፊልም በፊት የነበረው ታሪክ ያስቃል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄራፓዝ እ.ኤ.አ. በ1852 ብርሃንን ፖላራይዝ የሚያደርጉትን የአዮዲንና የክዊኒን (የወባ መድኃኒት) ክሪስታሎች ለዓለም ያሳወቀው፣ ክዊኒን በበላ ውሻ ሽንት ላይ አዮዲን ጠብ ብሎ ከተገኘ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ የሃርቫርድ ትምህርቱን አቋርጦ እነዚያን ክሪስታሎች በሉህ ላይ አሰልፎ እ.ኤ.አ. በ1929 የፈጠራ መብት ጠየቀባቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ፖላሮይድ ኩባንያን አቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ዛሬ የምንጠቀምበትን የተሳበ ፊልም ሠራ። ላንድ በመጀመሪያ ያሰበው መነጽር አልነበረም፤ የመኪና የፊት መብራቶችና የፊት መስታወቶች ሁሉ ፖላራይዝድ ሆነው ነጂዎች በሌሊት እርስ በርስ እንዳይታወሩ ነበር። የመኪና አምራቾቹ አልተቀበሉትም፤ መነጽሩ ግን ጸንቶ ቆየ።

ፖላራይዜሽን የሚለውን ስም ያወጣው ያው ማሉስ ነው፤ የብርሃን ቅንጣቶች እንደ ማግኔት ዋልታ አላቸው ከሚለው የጊዜው ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡ ቆይቶ ተጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ኦጉስቲን ፍሬኔል ብርሃን ወደ ጎን የሚነዝር ሞገድ መሆኑን አሳየ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። ይህን የማነሣው ስለ መነጽሩ መረጃ የሚፈልግ ሰው በዚህ ስም ሌላ ብዙ ነገር ስለሚያገኝ ነው። የባትሪ ባለሙያዎች ጅረት ሲያልፍ የኤሌክትሮድ ቮልቴጅ ከተለመደው የሚያፈነግጥበትን ሁኔታ እንዲሁ ይሉታል፤ የሒሳብ ሰዎች ደግሞ የሁለት ቁጥሮችን ብዜት ከድምራቸውና ከልዩነታቸው ስኩዌር ብቻ የሚያወጣውን ቀመር፣ ማለትም የድምራቸው ስኩዌር ከልዩነታቸው ስኩዌር ሲበልጥ ያለው ልዩነት ለ4 መካፈሉን፣ በዚሁ ስም ይጠሩታል። በማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ ሰዎች በሁለት ጫፍ ተሰብስበው መሐሉ የሚራቆትበትን ሁኔታ ያመለክታል። የብርሃኑ ነገር ከዚህ የመጨረሻው ጋር የሚመሳሰለው በስሙ ብቻ ነው፤ በሌንሱ በኩል ያለፈው ብርሃን ወደ ሁለት ጎራ አልተከፈለም፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚነዝረው።

ወደ መነጽሩ ስመለስ፣ በዕለት ተዕለት አጠቃቀም ትልቁ ችግሩ ስክሪን ነው። የኤልሲዲ ስክሪን የሚሠራው ራሱ በሁለት ፖላራይዝድ ፊልሞች መካከል ስለሆነ ከእርሱ የሚወጣው ብርሃን አስቀድሞ በአንድ አቅጣጫ ይነዝራል። ያ አቅጣጫ ከመነጽሩ ጋር ሲሻገር ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ስልኬን ቀጥ አድርጌ ስይዘው ጥርት ብሎ የሚታየው ካርታ ስልኩ ሲጋደም ጨልሞ ጠፋ፤ በሌላ ስልክ ደግሞ ሁለቱም አያያዝ ይታያል፣ የሚደበዝዘው በሰያፍ ሲይዙት ነው። አንዳንድ አምራቾች በስክሪኑ ላይ ይህን የሚያስተካክል ተጨማሪ ሽፋን ያደርጋሉ፤ አንዳንዶቹ አያደርጉም፤ ገዢው አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ መሞከር ብቻ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ሙከራ በዳሽቦርዱ ላይ ሳያደርግ መነጽሩን ባይገዛ እመክራለሁ። በጠነከረ የመኪና መስታወት ላይ በመነጽሩ በኩል የሚታዩት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ግን የመነጽሩ ጉድለት አይደሉም፤ መስታወቱ በፋብሪካ ሲጠነክር የቀረበት ውስጣዊ ውጥረት ነው የሚታየው።

ለመንዳት ፍርዴ የተከፈለ ነው። ቀን ላይ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከአስፋልቱና ከመኪናው ኮፈን የሚመጣውን ብልጭታ ማስቀረቱ እውነተኛ እረፍት ነው፤ የዳሽቦርዱ ጥላ በፊት መስታወት ላይ የሚያሳርፈው ምስልም ጎላ ብሎ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ያው ብልጭታ ነጂው መንገዱ እርጥብ መሆኑን ወይም በረዶ የጋገረበትን ቦታ የሚለይበት ምልክት ነው፤ ምልክቱ ሲጠፋ አደጋው አይጠፋም። አብራሪዎችን በተመለከተ ነገሩ የጠራ ነው፤ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ፖላራይዝድ መነጽር በበረራ ላይ እንዲደረግ አይመክርም፤ ምክንያቱም የመሣሪያ ስክሪኖችን ያጨልማል፣ ከሌላ አውሮፕላን አካል የሚመጣውንም የብርሃን ብልጭታ ሊሰውር ይችላል።

አልትራቫዮሌት በሚለው ላይ አጭር ነኝ። ጨረሩን የሚያግደው የሌንሱ ቁስ ወይም በላዩ ያለው ሽፋን ነው፤ ፖላራይዝድ መሆኑ ለዚህ ዋስትና አይሰጥም። ገዢው መፈለግ ያለበት እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ያግዳል የሚለውን ምልክት ነው። ይህ የሌለው ጥቁር ሌንስ ከባዶ ዓይን የባሰ ሊሆን ይችላል፤ በጥቁረቱ ምክንያት የዓይን ብሌን ይሰፋና ያልታገደው ጨረር በሰፊው በር ይገባል።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። መነጽሩን ማስተካከያ ሽፋን በሌለው የኤልሲዲ ስክሪን ፊት ይዞ ማዞር፤ በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ካልጨለመ ፊልሙ የለም ወይም ደካማ ነው። ይህ ፈተና ግን ፊልሙ መኖሩን እንጂ በትክክል መቀመጡን አያሳይም። ለዚያ አንጸባራቂ ወለል ወይም ጠረጴዛ ፈልጎ፣ ጭንቅላትን ቀጥ አድርጎ አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን እያፈራረቁ መጨፈን ያስፈልጋል። በእኔ መነጽር ሁለቱም ሌንሶች ነጸብራቁን እኩል አጥፍተውታል። አስቀድሞ ከሌላ ሻጭ የገዛሁት ግን በግራው ሌንስ ፊልሙ ጠመም ብሎ ስለተለጠፈ፣ የቀኙ ዓይን የጠፋለትን ብልጭታ የግራው እያየው ይቀር ነበር፤ እንዲህ ያለው መነጽር ጥቂት ከተደረገ በኋላ ራስን ያሳምማል፤ ሰውም ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ከጥንካሬው አንጻር የሚያሳስበው ሌንሱ መጫሩ ሳይሆን ፊልሙ መላቀቁ ነው። ፊልሙ በንብርብሮች መካከል ስለተጣበቀ በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ ሲተው ወይም በጨዋማ ውሃ ርሶ ሳይታጠብ ሲቀር ከጠርዙ ይጀምርና እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ክፍተት ያወጣል፤ ያ አንዴ ከጀመረ የሚጠገን አይደለም። በምመዝነው መነጽር ላይ እስካሁን ይህ አልታየም፤ ሌንሱ ወደ ፍሬሙ የሚገባበት ጠርዝ ግን በደንብ አልታሸገም፣ በጥፍር ሲነካ የንብርብሩ መስመር ይታወቃል። በውሃ ዳር የሚሠራ፣ ዓሣ የሚያጠምድ ወይም ቀን ቀን ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ዳሽቦርዱ ላይ ሞክሮ ቢገዛው አይቆጭም። በከተማ በእግር የሚመላለስና ቀኑን ሙሉ ስልኩን የሚያይ ሰው ግን እስከ 400 ናኖሜትር የሚያግድ ተራ መነጽር ገዝቶ የቀረውን ገንዘብ ለሌላ ቢያውለው ይሻለዋል።